የተሰረዘው የታዛቢ ሦስት ቃል

እስቲ አንተን ልጠይቅህ፤ የፈራ ሰው ያየውን አላየም ያለህ ማን ነው? ድምፁ የተንቀጠቀጠ ምስክር ዋጋ የለውም ብሎ ያስተማረህስ? አትድከም፣ እኔ ነኝ። በአሥራ ሁለት ገጽ መመሪያ፣ በአንቀጽና በንዑስ አንቀጽ ከፋፍዬ፣ ማኅተም አስመትቼ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። አንተም ተቀበልከኝ። ጦርነታችን በሕግ ይመራል ሲሉህ ደስ አለህና ጋዜጣህን አጥፈህ ወደ ሥራህ ሄድክ።

የጦር ምርመራ ጉባኤ የቃል አርታኢ ነበርኩ። ሥራው እንዲህ ነው። ድሮን ቦምብ ጥሎ ቅሬታ ሲነሳ፣ በዘመቻ ክፍሉ ውስጥ የተነጋገሩት ሁሉ በቴፕ እንደተቀዳ ወደ ቢሯችን ይመጣል። ጸሐፊዋ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ትተይበዋለች። የተተየበው ወረቀት እኔ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል፤ እኔ በቀይ እርሳስ አጸዳዋለሁ። የጸዳው ተገልብጦ ለጉባኤው ይቀርባል። ቀይ የነካው ረቂቅ ወረቀት መቁረጫው ማሽን ውስጥ ይገባል። ዋናው ቴፕ በጉባኤው ሰብሳቢ ካዝና ዘጠና ቀን ይቀመጥና ይደመሰሳል። ባልደረቦቼ «ምላጭ» ይሉኝ ነበር። ስሙን እወደው ነበር፣ ምን ይደበቃል።

ማጽዳት ማለት ምን እንደሆነም ልንገርህ። የመመሪያው አንቀጽ ዘጠኝ «በስሜት መግለጫ የተጀመረ ንግግር ሙሉ በሙሉ ይሰረዛል፤ ስሜት የቀደመው ዕይታ ለማስረጃነት አይበቃምና» ይላል። እያንዳንዷን ቃል እኔ ነኝ የመረጥኳት። ያኔ ምክንያት ነበረኝ። ከመመሪያው በፊት ወደ እኛ የሚመጡት ወረቀቶች ሲነበቡ ያሳፍሩ ነበር። «ይበላቸው»፣ «ያንን ውሻ እንዳትለቀው»፣ «ይቺ ለወንድሜ ናት» የሚል ነበር የሞላባቸው። ጥላቻን ከሕግ አስወጣለሁ ብዬ ተነሳሁ። በሩን ጠረቀምኩት። ከጥላቻው ጋር ማን ውጭ እንደቀረ ዞር ብዬ አላየሁም።

ሰዎቹንም በቁጥር እንዲጠሩ ያደረግኩት እኔው ነኝ። አዛዥ አንድ፣ ታዛቢ ሁለት፣ ታዛቢ ሦስት። ስም ካለ ዘመድ ይኖራል፣ ዘመድ ካለ ማዳላት ይኖራል ብዬ ጽፌ ነበር። ያኔ በጉባኤው ፊት ሳነበው ያጨበጨቡልኝ ነበሩ።

የወፍጮ ቤቱ ጉዳይ እጄ የገባው እንደማንኛውም ጉዳይ ነው። በአንዲት ትንሽ ከተማ ጠርዝ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ በሰነዱ አጠራር «ነዳጅ ማከማቻ ሰባት»። ደጃፉ ላይ ሁለት በርሜል ናፍጣ ታይቷል። ከውስጥ የሞተር ሙቀት ታይቷል። የሚገቡትም የሚወጡትም ሸክም ይዘዋል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተመታ። አሥራ አንድ ሰው ሞተ። ጠላት ይቀዳዋል የተባለው ናፍጣ የወፍጮው ሞተር የሚጠጣው ነበር። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ እህል ሊያስፈጩ የመጡ ሴቶች ነበሩ።

ወረቀቱን በአርባ ደቂቃ አጸዳሁት። ከዚያ አርባ ደቂቃ የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጸሐፊዋ ማዳመጫዋን ወደ አንገቷ አውርዳ፣ ዛሬስ ከዘመቻ ክፍል ቀልብ ያለው ሰው ተገኘ ብላ ሳቀች። ቀና ብዬ እንኳ አላየኋትም። «ታዛቢ ሦስት» ከሚለው ፊት ለፊት «ቀልቤ አልወደደውም» ብሎ የሚጀምር መስመር አገኘሁ። ቀዩን ከዳር እስከ ዳር ሳብኩበት። ከቀልቡ ቀጥሎ ምን እንደሚል አላነበብኩም። ማንበብ አይጠበቅብኝም። አንቀጽ ዘጠኝ።

ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ታላቅ እህቴ ቶሎ ድረስ ብላ ደወለችልኝ። ስደርስ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፣ መጋረጃው ግማሹ ተዘግቷል፣ ሻይ ቀርቦ ቀዝቅዟል። ልጇ ሶፋው ጠርዝ ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጣለች። ይቺ ልጅ አባቷ ከሞተ ወዲህ ቤቴ ነው ያደገችው ማለት ይቻላል። የእኔን የሕግ መጻሕፍት ወንበሯ ላይ ደራርባ፣ እነሱ ላይ ተቀምጣ ነው ጠረጴዛዬ ላይ ፊደል የቆጠረችው። ጦሩ ውስጥ የሬድዮ ጥገና ላይ ነኝ ብላ ነበር የነገረችን። አምነናት ነበር።

እህቴ ለልጇ የመጣ አንድ ደብዳቤ እጄ ላይ አስቀመጠች።

«አንተ የሕግ ሰው አይደለህ? አንብብና ውሸት ነው በለኝ።»

አነበብኩት። ታዛቢ ሦስት በግዳጅ ላይ ሳለች የሰላማዊ ሰዎችን መኖር አይታ ባለማሳወቋ በወታደራዊ ፍርድ ቤት እንድትከሰስ ተወስኗል ይላል። ጉባኤው ጥቃቱን መርምሮ ሕጋዊ ሆኖ አግኝቶታል፤ አዛዡ ትእዛዝ ሲሰጥ ሰላማዊ ሰው እንዳለ የሚያመለክት ምንም ቃል አልደረሰውምና። የአንቀጹ ቅጣት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ነው። የእህቴ ልጅ ሃያ አራት ዓመቷ ነው።

አሠራሩን ልብ በል። ማንም ስላልተናገረ መንግሥት ንጹሕ ነው። ስላልተናገረች ደግሞ እሷ ወንጀለኛ ናት። አሥራ አንድ ሬሳ አንዲት ልጅ ትከሻ ላይ ተደረደረና መዝገቡ ተዘጋ።

ለምን ዝም አልሽ ብዬ ጮህኩባት። አዎ፣ መጀመሪያ የጮህኩት በእሷ ላይ ነው። ቁጣዬ ሁልጊዜ ከእኔ ይቀድማል።

«ዝም አላልኩም ጋሼ» አለች። ድምፅዋ የደከመ ነበር፤ ይህንን ለብዙ ሰው የተናገረችው ትመስላለች። «ቀልቤ አልወደደውም፣ ሴቶች ናቸው፣ ከረጢት ተሸክመው ወረፋ ይዘዋል፣ የሚወጡት ቀሚሳቸውን እያራገፉ ነው፣ ይሄ ወፍጮ ቤት ነው አልኩ። እንደዚሁ ነው ያልኩት፣ ቃል በቃል።»

ቀልቤ አልወደደውም። ቀይ እርሳሱ በወረቀቱ ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ።

የቀረውን ነገረችኝ። አዛዡ መረጃ ነው ወይስ ስሜት ብሎ ጠይቋታል። ምስሉ ከከፍታ የተነሳ ነው፤ ከረጢቱን ፈትታ አላየችም፣ የሴቶቹን ፊት አላየችም። ያየችው አኳኋናቸውን ነው። ልጅ ሆና እናቷ ወፍጮ ቤት ስትልካት ከረጢቷ ላይ ተቀምጣ ተራ ትጠብቅ ነበር፤ ስትወጣም ቀሚሷን ታራግፍ ነበር። ከነዳጅ ማከማቻ ወጥቶ ቀሚሱን የሚያራግፍ ሰው የለም። ያ ዕውቀት ነው። ነገር ግን በሥልጠናው ላይ እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን ሁሉ ስሜት ነው በሉ ተብለዋል። አንቀጽ ዘጠኝን በቃላቸው አስጠንተዋቸዋል።

«ስሜት ነው ጌታዬ አልኩ» አለች። «ከዚያ ቦምቡ እስኪወድቅ ዘጠኝ ሰከንድ ነው የቆየው።»

እናቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ልጅቱ ግን አላለቀሰችም። እኔን ነበር የምታየው።

«ጋሼ፣ አንቀጽ ዘጠኝን የጻፈው ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ባገኘው አንድ ነገር እጠይቀው ነበር። ወፍጮ ቤት ሄዶ ያውቃል?»

እኔ ነኝ አልኳት። የሰረዝኩሽም እኔ ነኝ አልኩ። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት፤ በሁለት ብከፍለው ሁለተኛውን እንደምደብቀው አውቃለሁ።

እህቴ ተነስታ የቀዘቀዘውን ሻይ አነሳች። በሩ ጋ ደርሳ ነው የተናገረችው።

«የእኔ ልጅ መሆኗን ብታውቅ ግን ታነበው ነበር።»

አነበው ነበር። ደጋግሜ አነበው ነበር። ይህንን ነው ለሃያ ዓመት አለማዳላት እያልኩ የጠራሁት፤ የማላውቀውን ሰው ቃል ሳያነቡ መሰረዝ። ዘጠኙ ሴቶች የማንም እህት አልነበሩም፤ በወረቀቱ ላይ ቁጥር እንኳ አልነበራቸውም።

ሰኞ ጠዋት ሰብሳቢው ቢሮ ገባሁ። ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የጦርነት ሕግን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቢሯቸው ለብቻው አገር ነው። ወለሉ በምንጣፍ ተሸፍኗል፣ መጻሕፍቱ በመስታወት ውስጥ ናቸው፣ ከመጋረጃው ጀርባ ብረት ካዝናው አለ። መስኮቱ ላይ ያሉትን አበቦች ራሳቸው ያጠጣሉ። አሁንም «ልጄ» ነው የሚሉኝ።

የወፍጮ ቤቱን ዋና ቴፕ እፈልጋለሁ አልኳቸው። በምን ምክንያት አሉ። ለጉባኤው መድረስ የነበረበት ቃል ተሰርዟል አልኩ።

«በማን?»

«በእኔ።»

«በምን ሥልጣን?»

«በአንቀጽ ዘጠኝ።»

«ታዲያ ሕጉ ተከብሯል» አሉና ውሃ ማጠጫውን አነሱ።

ፈረንጅም አገሬውም የጻፈውን ሁሉ ጠቀስኩላቸው። ሕጉ ራሱ ጥርጣሬ ካለ ሰላማዊ ነው ተብሎ ይታሰብ እንደሚል፣ ጥርጣሬ ደግሞ መጀመሪያ ሰው ሆድ ውስጥ እንጂ ወረቀት ላይ እንደማይወለድ፣ ሆዱን የከለከልነው ታዛቢ ጥርጣሬውን የሚያወጣበት አፍ እንደሌለው ነገርኳቸው። ራሳቸው ያስተማሩኝን ነው መልሼ የነገርኳቸው። እያዳመጡ አንድ ደረቅ ቅጠል ቀነጠሱ። ሕግ ታዛቢው ምን አወቀ ብሎ ይጠይቃል እንጂ ምን ተሰማው ብሎ አይጠይቅም አሉ። የተሰማት ስላወቀች ነው አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ከውጭ የነበረችው የእሳቸው ጸሐፊ በሩን ገፋ አድርጋ አየችን።

ያን ጊዜ ዞር ብለው አዩኝ።

«ለመሆኑ ታዛቢ ሦስት ሴት መሆኗን በምን አወቅህ?»

መዋሸት እችል ነበር። የእህቴ ልጅ ናት አልኩ። ሰውየው ወዲያው ዘና አሉ። ማጠጫውን አስቀምጠው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጉዳዩ ያለቀላቸው መሆኑን ከትከሻቸው አወቅሁ።

«እንግዲያውስ ልጄ፣ አሁን እየተናገርክ ያለኸው ስሜት ነው።»

ቴፑን ሰምተውታል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሻይ ይምጣልህ አሉኝ። ደግሜ ጠየቅኳቸው። ወደ መጋረጃው አንድ ጊዜ አዩና፣ ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ መዝገብ ተነስተሃል፣ በቦታህ ረዳትህ ይሠራል አሉ። ረዳቴን እኔ ነኝ ያሠለጠንኩት። ጎበዝ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጉባኤው ለሕዝብ ክፍት የሆነ ስብሰባ ነበረው፤ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ካሳ ይገባኛል ብሎ አመልክቶ ቃሉን ሊሰጥ መጥቷል። በእንግድነት ኋላ ተቀመጥኩ። ባለወፍጮው ረጅም ሰው ነው፤ ተውሶት የመጣው የሚመስል ኮት እጅጌው አጥሮበታል። የሞተር ቅባት ጥፍሩ ውስጥ አለ። ያን ቀን የሞተሩ ቀበቶ ተበጥሶበት፣ በአሮጌው ቀበቶ አስነስቶ፣ ሚስቱን እንድትፈጭ ትቶ አዲስ ቀበቶ ሊገዛ ወደ መሃል ከተማ ሄዷል። ሲመለስ ከሩቅ ያየው ጭስ ቀበቶው ተቃጥሎ የመጣ መስሎት፣ «ይቺን ሴት ቀስ በይ ብያት ነበር» እያለ ሲነጫነጭ ነበር የደረሰው።

ሰብሳቢው በትሕትና ምስክሩ ወደ ፍሬ ነገሩ ይግባ አሉ።

«ፍሬ ነገሩ ሚስቴ ናት» አለ ባለወፍጮው።

ስለ ናፍጣው ጠየቁት። አዎ ሁለት በርሜል ነበረኝ አለ። የት ነበርክ አሉት። ገበያ አለ። ከዚያ ሰውየው ጣሪያውን አየ፤ ከጣሪያው በላይ ያለውን ነው የሚያየው የሚመስለው። ከሰማይ ሆኖ የበርሜሌን ቀለም የሚያይ ሰው ወፍጮ ቤት አይቶ አያውቅም ወይ፣ እናት የለውም ወይ ብሎ ጠየቀ። የጠየቀው ማንንም አልነበረም። መልስ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ተነሳሁ።

«ታይቷል! ‹ሴቶች ናቸው፣ ከረጢት ተሸክመው ወረፋ ይዘዋል፣ የሚወጡት ቀሚሳቸውን እያራገፉ ነው፣ ይሄ ወፍጮ ቤት ነው› ያለ ሰው ነበር። ቃሉ በዘመቻ ክፍሉ ቴፕ ላይ አለ። ቴፑ በሰብሳቢው ካዝና ውስጥ አለ። የሰረዝኩት እኔ ነኝ።»

ባለወፍጮው ዞሮ አየኝ። እንዲህ ያለ አስተያየት አይቼ አላውቅም፤ ይጠላኛል ብዬ ነበር፣ እሱ ግን የሚጠብቀው እንደገና እንድለው ነበር። «ቀሚሳቸውን እያራገፉ» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ጥበቃዎቹ ክንዴን ያዙኝ። የአሥር ደቂቃ እረፍት ታወጀ።

በማግስቱ የጸዳውን ቃለ ጉባኤ አገኘሁ። ሰውየው ከአርባ ደቂቃ በላይ ተናግሯል። በወረቀቱ ላይ የቀረለት ይህ ነው፦ «ምስክሩ የሕንጻው ባለቤት ነው። ሁለት በርሜል ናፍጣ እንደነበረው አምኗል። በጥቃቱ ጊዜ በቦታው አልነበረም።» ስለ እኔ ደግሞ «አንድ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ያሰማው ስሜታዊ ንግግር በአንቀጽ ዘጠኝ መሠረት ተሰርዟል» ይላል። ረዳቴ ያጸዳው ነው። የአንድ ሰረዝ እንኳ ስህተት የለበትም። ጋዜጠኞቹም ማስታወሻቸውን ጥለው የጸዳውን ገልብጠው አወጡት፤ አዳራሹ ውስጥ በገዛ ጆሯቸው የሰሙት ሰዎች ናቸው እንዲህ ያደረጉት።

ከሥራ ተባርሬያለሁ፤ ስለ እሱ አላለቅስልህም። ጸሐፊዋ የተየበችውን ታስታውስ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ ልጆች አሉኝ ብላ መንገድ ተሻገረች። የእህቴን ልጅ ረቡዕ ዕለት ከቤት ወሰዷት። የሚከላከልላት ወታደራዊ ጠበቃ ቴፑን በጽሑፍ ጠይቆ፣ የጸዳው ቅጂ ሙሉ ነው የሚል መልስ አግኝቷል። እህቴ በሩን ትከፍትልኛለች፤ ግን አታነጋግረኝም። ሻይ አስቀምጣልኝ ወደ ጓዳ ትገባለች።

ልጅቱ ፍርድ ቤት የምትቀርበው ቴፑ ካዝና በገባ በዘጠና ሦስተኛው ቀን ነው። ቴፑ የሚደመሰሰው በዘጠናኛው። ይህንን ቀጠሮ ማን እንደቆረጠው አላውቅም፣ የሚቆጥር ጣት ያለው ሰው እንደቆረጠው ግን አውቃለሁ። ዛሬ ሰማንያ አራተኛው ቀን ነው።

ስለዚህ ወደ እርስዎ፣ ክቡር ሰብሳቢ። እኔ የድርሻዬን በስሜ ፈርሜ ለጋዜጦቹም ለጠበቃውም ሰጥቻለሁ፤ መመሪያውን ጽፌያለሁ፣ ቃሏን ሳላነብ ሰርዣለሁ፣ የምከሰስበት ካለ ልከሰስ። አሁን ተራው የእርስዎ ነው። በአበቦችዎ መካከል ቆሜ የጠየቅኩዎት ጥያቄ አለ፤ ሻይ አይደለም መልሱ። ቴፑን ሰምተውታል? ሰምተውት ከሆነ፣ የተናገረችውን ልጅ አልተናገረችም ብለው ሊያሳስሩ ነው። አልሰሙትም ከሆነ፣ በአሥራ አንድ ሰው ሞት ላይ ሳይሰሙ ፈርደዋል። በደብዳቤ አይመልሱልኝ፣ ደብዳቤ ይጸዳል። ረዳቴንም አይላኩብኝ። በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ወንበር፣ ባለወፍጮውን ከፊትዎ አስቀምጠው፣ ካዝናውን ከፍተው ቴፑን ያስነሱት፤ ከዚያም ሰምቼዋለሁ ወይም አልሰማሁትም ብለው በአደባባይ ይመልሱ።